እንቁላሉ የማን ነው?

እትዬ ብርቄ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሥራ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። የደወለችልኝ ሐያት ናት፤ አንደኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን። «የናቲ እናት፣ ደርሰሻል?» አለችኝና ዝም አለች። ሐያት ዝም የምትል ሰው አይደለችም፣ ስለዚህ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፣ ንዴት ነው። ጾሙ ተጋምሶ፣ ገና ደጅ ደርሶ፣ እንዴት አሁን ይሄዳሉ? ባለባጃጁ በመስታወቱ አየኝና «ሰላም ነው እናቴ?» አለኝ። ሰላም ነው አልኩት። ምን ልበለው?

የገላን ኮንዶሚኒየም ሰው ሁሉ እትዬ ብርቄን ያውቃል አልልም። የእኛ ደረጃ ሰው ግን እሳቸውን ሳያይ አይወጣም፣ ሳያይ አይገባም ነበር። ቤታቸው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር የመጀመሪያው በር ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭነት ነው፤ ጡረታ ወጥተውም አውቶቡሱ ከውስጣቸው አልወጣም። በራቸው ላይ ሲቆሙ አንድ እጃቸውን አንስተው ጉበኑን ይይዛሉ፣ መኪናው ድንገት ፍሬን እንዳይዝባቸው ይመስል። ድምፃቸውስ! እሳቸው በሹክሹክታ ሲያወሩ ሦስተኛ ፎቅ ያለሁት እኔ እሰማለሁ። ደረጃው ላይ ቆመን ወሬ ከጀመርን «አልፋችሁ ግቡ፣ ውስጡ ባዶ ነው» እያሉ ይበትኑናል። ያዝዛሉ፣ ይቆጣሉ፣ ቁጣው ሳይበርድ ደግሞ «ነይ ሻይ ጠጪ» ይላሉ።

የበዓል ሰሞን ጥያቄያቸው ግን ከሁሉ ይብሳል። ገና ሲቃረብ ሁላችንም ከአቃቂ ገበያ ተሸክመን እንመጣለን፤ ሽንኩርቱ በማዳበሪያ፣ ዶሮው ተንጠልጥሎ፣ ቄጤማው፣ የለስላሳው ሳጥን፣ በየፌስታሉ የተቋጠረው ምኑም ምኑም። እትዬ ብርቄ በራቸው ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራስ ያዩናል። «ይሄ ሁሉ ተሳፈረ፤ የት ነው የሚወርደው?» ይላሉ። እኛ እንስቃለን። ሲያሾፉ ነበር የሚመስለን። እሳቸው ግን አላሾፉም፤ የሚወርደው እሳቸው ቤት ነበር።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል። የአራቱም ፎቅ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ነው ቁልቁል የሚሄደው። ቱቦው ሲደፈን እኛ ላይ ያለነው ምንም አይሰማንም፤ ደፍተን፣ ታጥበን፣ በራችንን ዘግተን እንቀመጣለን። የሚገነፍለው ምድር ቤት ነው። እትዬ ብርቄ በዓል በመጣ ቁጥር የመታጠቢያ ቤታቸውን በር ሥር በጨርቅ ጠቅጥቀው ነው የሚተኙት። ያቺን ቤት ደግሞ ዓመታት ቆጥበው፣ ዕጣ ጠብቀው ያገኟት ናት። ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ኖረው «የራሴ በር» ለማለት የበቁት በስተርጅና ነው።

ነገሩ የፈነዳው ገና ማክሰኞ የዋለ ጊዜ ነው። ማክሰኞ ሲውል ማግስቱ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ያን ሁሉ ጊዜ ጾመን ከርመን አንድ ቀን ፈትተን በማግስቱ እንደገና ወደ ሽሮ። ይህን ከእኛ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ገበያ ስንወጣ ግን የምናውቀውን ሁሉ እንረሳዋለን። ሁሉም ቤት ዶሮውን ሠራ፣ ቅርጫውን ተካፈለ፣ ጥብሱን አልጫውን ደረደረ፤ ሳምንቱን ሙሉ እንግዳ የሚጎርፍ ይመስል። ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ አልመጣም። ሐሙስ ጠዋት ፍሪጅ የከፈተ ሰው አፍንጫውን ይዞ ዘጋው።

አሁን ይህን ወጥ ምን ታደርጊዋለሽ? ወጥ መድፋት ግፍ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። የተበላሸ የዶሮ ወጥ ቋጥሮ በጎረቤት ፊት ደረጃ መውረድ፣ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሴቶች ሲከፍቱት ማየት፣ «እነ እገሌ ጠግበው ደፉ» መባል፣ ማን ይችለዋል? ሳይበላሽ ለሐያት እንዳይሰጥ፣ እሷ የእኛን ሥጋ አትበላም። ስለዚህ በር ተዘግቶ ሽንት ቤት ይደፋል፣ ውሃ ይለቀቅበታል፣ አለቀ። ማንም አላየ፣ ማንም አልሰማ።

ሐሙስ ከሰዓት የእትዬ ብርቄ ቤት ገነፈለ። ጩኸት ሰምተን ስንወርድ ውሃው ሳሎን ደርሷል። ቀይ ነው። ላዩ ላይ ቅቤ ተንሳፍፏል። ምንጣፉ፣ ፍራሹ፣ መሬት የነካ ነገር ሁሉ ሄዷል፤ ሽታውን አልነግራችሁም። እትዬ ብርቄ ወንበር ላይ ወጥተው ቆመዋል። አያለቅሱም፣ አይሳደቡም፣ መሬቱን ነው የሚያዩት። እኛ መጥረጊያና ባልዲ ስንሻማ ከሶፋው ሥር አንድ እንቁላል እየተንከባለለ ወጣ። የተቀቀለ፣ የተላጠ፣ ወጡ እንዲገባው በቢላ ጫር ጫር የተደረገ፣ አንድም ነገር ያልሆነ የዶሮ ወጥ እንቁላል።

ከወንበሩ ወረዱና አነሱት። በጨርቅ ይዘውት በባዶ እግራቸው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። እያንዳንዱን በር አንኳኩ። «ይሄ እንቁላል የማን ነው?» ይላሉ። ያ የአውቶቡስ ድምፅ የለም፤ ቀስ ብለው ነው የሚጠይቁት፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። የእኛ አይደለም፣ የእኛ አይደለም፣ የእኛ አይደለም። እኔም የእኛ አይደለም አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ግን ከማንም ስለተሻልኩ እንዳይመስላችሁ፣ የባለቤቴ ወንድሞች ጨርሰውት ስለሄዱ ነው። አራተኛ ፎቅ ወይዘሮ ሰብለ በሯን ገርበብ አድርጋ «እኛ ቤት ወጥ አይደፋም እትዬ ብርቄ» አለችና መልሳ ዘጋችው። ሰብለ ኩሩ ናት። ዕቃዋ የሚያብረቀርቅ፣ ልብሷ የማይጨማደድ፣ እንግዳዋ ከመሀል ከተማ በመኪና የሚመጣ ሴት ናት።

በማግስቱ ልጃቸው መሠረት ከአዳማ መጣች። ቤቱን በበረኪና ስታጥብ ዋለችና «በቃሽ እማዬ፣ ይሸጥና እኔ ጋ ነይ» አለች። እኔ እዚያው ነበርኩ። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ እናቷ የሰው ቆሻሻ ውስጥ ተኝታ ምን ትበል? እትዬ ብርቄ መጥረጊያውን ከእጇ ተቀበሏት። ከዚያ «አንድ ገና ስጪኝ» አሏት። «የሚመጣው ገና ይሄ ውሃ ዳግመኛ ከገባ እኔው ራሴ ደላላ እጠራለሁ። ካልገባ ግን ሁለተኛ ሽጪ እንዳትይኝ።» መሠረት እያለቀሰች እሺ አለች። እኔ በሆዴ፣ አለቀላቸው፣ ይሄ ደረጃ ደግሞ ሊለወጥ ነው? አልኩ። እንደዚያ ማለቴ አሁን ያስቀኛል፣ ሴትዮዋን አላወቅኳቸውም ማለት ነው።

ዓመቱን ዝም አሉ። ኅዳር መጥቶ ጾሙ ሲገባ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በራቸው ላይ ቆመው ሁላችንንም አስቀሩን፤ ሐያትንም ከላይ አስጠሯት። ወንበር አውጥተዋል። የጾም ዳቦ ቆርሰዋል። ስለ ቱቦ ሊሰድቡን ነው ብለን አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን። እሳቸው ግን የጀመሩት ከራሳቸው ነው።

«እኔ ወጥ ደፍቻለሁ» አሉ። «ሙሽራ ሳለሁ ነው። አበላሸሁት፣ አማቴ እንዳታይብኝ ሽንት ቤት ከተትኩት። እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። እናንተም ጠግባችሁ አይደለም የደፋችሁት፣ አፍራችሁ ነው። አልተቀየምኳችሁም። ግን የእናንተ እፍረት እኔ ቤት ነው የሚወርደው። ከዚህ በኋላ አልችለውም።»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ሲነገር ሰምተን አናውቅማ። መጀመሪያ የተናገረችው ሐያት ናት። «እኔ ደግሞ በአረፋ ደፍቻለሁ» አለች፣ በዚያ በወሎ አነጋገሯ፣ ፈርጠም ብላ። ከዚያማ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ሳቀ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ማን እንደደፋ እዚያው መጣላት ጀመሩ። ሰብለ ብቻ አልሳቀችም።

እትዬ ብርቄ ሳቁ ሳይበርድ ትእዛዛቸውን አወጡ። የዚያ ዓመት ገና ረቡዕ ነው፣ ጾሙ ይነሳል፤ ሐሙስም ይበላል፤ አርብ ግን ጾም ነው። ስለዚህ የሚሠራው ለሁለት ቀን ብቻ ነው። አንድ ዶሮ ለሁለት ቤት። ማን ከማን ጋር እንደሚዳበል እሳቸው ይወስናሉ። ገበያ የሚወጣ ዘንቢል ይዞ ይወጣል፣ ፌስታል አይግባ። የሽንኩርት ልጣጩ በጎች ለሚያደልቡት ጎረቤት ይሄዳል፤ ላባው በማዳበሪያ ታስሮ ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ይቀመጣል። ድስት በእንጀራ ተጠርጎ ፍትፍቱ ሳይበላ ወደ ውሃ አይሄድም። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ በየቤቱ የቀረው ሁሉ ሳይበላሽ ታች ይወርድና አንድ ላይ ይበላል። ይሄኔ ሐያት ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ፣ ጭነት ይዘው በዓሉ ቃሊቲ ላይ የሚይዛቸው ሾፌሮችና ረዳቶች እንዳሉ ተናገረች። ክርስቲያኖቹን በባለቤቷ በኩል ልታስጠራ ቃል ገባች። የአርቡን ሽሮ ለደረጃው ሁሉ እሷ ልትሠራ ተስማማች።

ተቃውሞ ያልቀረበ እንዳይመስላችሁ። ገናን በግማሽ ዶሮ ውለን እናውቃለን? እንግዳ ቢመጣ ምን እናቀርባለን? ሰው ቸገራቸው ይለናል። እትዬ ብርቄ ሁሉንም ሰሙና ሰብለን የደለደሉት ከራሳቸው ጋር ነው። አራተኛ ፎቅ ከምድር ቤት። ሰብለ እምቢ ለማለት አፏን ከፈተች፣ አዛውንት ፊት ሆነባትና ዘጋችው።

ያ ሰሞን አይረሳኝም። በራቸው ላይ ቆመው ዕቃ ይፈትሻሉ፤ ዘንቢል ያስከፍታሉ፤ ያሾፉብናል፤ ትርፉን አንለቅም ካልን ይቆጣሉ። ባለቤቴ ነገሩን ንቆት ሁለት ዶሮ አንጠልጥሎ መጣ። «ያንተ ትኬት የግማሽ ነው» አሉት። ሲከራከር ቆይቶ አንዱን ገበያ ሊመልስ ሄደ፣ ነጋዴው አልቀበልም አለው። ዶሮው እኛ በረንዳ ላይ ታስሮ እስከ ጥምቀት ሲጮኽ ከረመ። ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ብሎኩን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ እትዬ ብርቄ ባለቤቴን ባዩት ቁጥር «ተሳፋሪህ እንዴት ነው?» ይሉት ነበር። እሱም እየተናደደ ይስቃል።

ገና ዋለ። ደስ የሚል በዓል ነበር፤ አንዱ ከአንዱ ቤት ስለሚበላ በር አልተዘጋም። ረቡዕ ማታ መብራት ጠፋ። እኛ ደረጃ ላይ አንድ ሰው እንኳ አላማረረም፤ ሁሉም ሰው ወደ ምድር ቤት ነው ያሰበው። ሐሙስ ከሰዓት እትዬ ብርቄ ብሎኩ ፊት ያለው ሜዳ ላይ ጠረጴዛ አስደረደሩ። ሾፌሮቹ መጡ፣ ረዳቶቹ መጡ፣ ጥበቃዎቹ መጡ። ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ወረደ። ሁሉም ቤት ሲያወርድ አንድ ቤት ቀረ።

እትዬ ብርቄ ቀና ብለው አራተኛ ፎቅ አዩ። መጋረጃው ተዘግቷል። «ያዥኝ» አሉኝና ክንዴን ጨብጠው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ጉልበታቸው የታመመ ነው፤ በየፎቁ ቆመው ይተነፍሳሉ። ልመልሳቸው ብል አይሆንም። በሩን ሲያንኳኩ ብዙ ቆይቶ ተከፈተ። የሰብለ ዓይኗ ቀልቷል። ከኋላዋ ምድጃው ላይ ትልቁ ድስት ተከድኖ አለ። ከእትዬ ብርቄ ጋር ከተካፈለችው ሌላ፣ ለወንድሞቿና ለእህቶቿ ብላ ተደብቃ ዶሮ ሠርታ ኖሯል። «አልመጡም» አለች።

እኔ ልቤ ተሰበረ። ያቺ ሴት በግማሽ ዶሮ መዋል ያልፈለገችው ለኩራት ነበር የመሰለኝ፤ እሷ ግን ሰው ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ድስቱን ይዛ ብትወርድ ዘመድ እንደቀረባት ሁሉም ያውቃል። ሌላው መንገድ በራሷ ቤት ውስጥ ነው፤ በሩን መዝጋትና ውሃ መልቀቅ ብቻ ነው። እትዬ ብርቄም ይህን አውቀዋል፤ ቤታቸው በዚያች ሰዓት በሰብለ እጅ ላይ ነበር። አልለመኗትም፣ አልተቆጡም።

«የሚበሉት ታች ተቀምጠዋል» አሏት።

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰብለ ወጥ ይዛ መጣች ይላል፣ ሌላ ምን ይላል? በዚያ በኩል ያዢ፣ እኔ በዚህ በኩል እይዛለሁ።»

እኔ ልያዝ ብዬ ብጠጋ በክርናቸው ገፉኝ። ሁለቱ ድስቱን በጆሮና በጆሮው ይዘው ወረዱ። እትዬ ብርቄ በዚያ ጉልበታቸው አንድ ደረጃ፣ ከዚያ ሌላ ደረጃ፤ ሰብለ እያለቀሰች እኩል ትራመዳለች። ታች ሲደርሱ ሰው ሁሉ ተነሳላቸው። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ክዳኑን ሲከፍት «እሰይ፣ የቤቴን ወጥ መሰለኝ» አለና ለሰብለ የመጀመሪያውን ጉርሻ አጎረሳት። ከዚያ በኋላ የተረፈ ነገር አልነበረም። አርብ ሐያት ሽሮዋን ሠራች፣ ሁላችንም በላን።

ቅዳሜ ጠዋት የደረጃው ሰው ሁሉ ምክንያት ፈልጎ ምድር ቤት ወረደ። አንዱ ክብሪት ሊዋስ፣ ሌላው ስለ ጥበቃ ደሞዝ ሊጠይቅ። እትዬ ብርቄ ስቀው «ግቡ» አሉን። መጠቅጠቂያውን ጨርቅ አንስተው የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈቱት። ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ የለም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ፣ እኔ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ስልካቸውን አምጡልኝ አሉና ለመሠረት ደወሉ። ደርቋል፣ አልሸጥም አሏት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ለፋሲካም እንደዚሁ እንዲሆን አዘዙን። ፋሲካም እንደዚሁ ሆነ።

ዘንድሮ በጾሙ መሀል፣ በዚያው በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው አልጋ ላይ አረፉ። ቀብረናቸው ሠልስቱን ከጨረስን በኋላ መሠረት ወደ አዳማ ከመመለሷ በፊት ሰበሰበችን። ቤቱን መሸጥ አልፈለገችም፤ ልታከራየው ነው። አራስ ልጅ ያላቸው ወጣት ባልና ሚስት አይተውት ወደውታል። አንድ ነገር ግን ጠይቀዋታል፤ የምድር ቤት ነገር ስለሚፈሩ፣ በበዓል ፍሳሽ ይገባል ወይ ብለዋታል። «እውነቱን ንገሩኝ» አለችን። «ለሕፃን ልጅ እንዲህ ያለ ቤት አላከራይም። ምን ልበላቸው?»

እኔ ያሰብኩት እትዬ ብርቄን ነው። በራቸው ላይ ቆሞ ዘንቢል የሚያስከፍት የለም። ባለቤቴ ዘንድሮ ስንት ዶሮ ይዞ እንደሚመጣ እኔ ራሴ አላውቅም። ሐያትን አየኋት፣ እሷም አየችኝ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር።

የመለሰችው ከጥግ ተቀምጣ የነበረችው ሰብለ ናት። ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች።

«አይገባም በያቸው» አለች። «እኛ ላይ እያለን አይገባም።»

መሠረት ሁላችንንም በየተራ አየችን። ማንም ዓይኑን አልሰበረም። እኔም «አይገባም» አልኩ፣ ሐያትም፣ ባለቤቴም። መሠረትም እዚያው ፊታችን ደወለችላቸውና ከገና በፊት መግባት እንደሚችሉ ነገረቻቸው።